ዛሬ ማታ የት ታድራለች?

ሰው ቤት ሲሠራ ለበሩ መቀርቀሪያ የሚያበጅለት ክፉ ነገር ሁሉ ከውጭ ይመጣል ብሎ በማሰብ ነው። ሌባው ከውጭ ነው፤ ጅቡ ከውጭ ነው፤ ብርዱም ከውጭ ነው። ስለዚህ መቀርቀሪያው በውስጥ በኩል ይደረጋል። ማታ በሩ ተቀርቅሮ እሳቱ ሲዳፈን የቤቱ ሰው ሁሉ «ተመስገን፥ ዛሬም በሰላም ገባን» ብሎ ይተኛል። ነገር ግን የሚፈራው ሰው ከውስጥ የሆነበት ቤትም አለ። በዚያ ቤት በሩ ሲቀረቀር የሚጀምረው ዕረፍት ሳይሆን ጭንቀት ነው፤ ለሌላው መጠጊያ የሆነው መቀርቀሪያ ለዚያ ቤት ሰው እንደ ወህኒ ቤት መዝጊያ ይሆንበታል።

ስለዚህ ነገር ብዙ ተጽፎአል። ባል ሚስቱን ስለ ምን እንደሚመታ፥ መጠጥ ነገሩን ምን ያህል እንደሚያባብሰው፥ አስተዳደግም ምን ድርሻ እንዳለው የተማሩ ሰዎች በየጊዜው አስረድተዋል። የእኛ አሳብ ከዚያ የጠበበ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ያለችው ሴት፥ ባልዋ እስኪታረም፥ ሕግ እስኪደርስላት፥ ጎረቤቱም እስኪነቃ ድረስ፥ ዛሬና ነገ የራስዋንና የልጆችዋን ነፍስ በምን ትጠብቅ? ባለሞያዎች የዚህን ጥያቄ መልስ «የደኅንነት ዕቅድ» ይሉታል። «እርስዋ» እያልን የምንጽፈውም ከሚጐዱት የሚበዙት ሚስቶች ስለ ሆኑ ነው እንጂ፥ በልጁ ዱላ የሚሠቃይ ሽማግሌ አባት፥ በአሠሪዎችዋ እጅ የምትጐሳቈል የቤት ሠራተኛ፥ ወይም መከራውን ለመናገር የሚያፍር ባል የለም ማለታችን አይደለም።

የነገሩ ስፋት በግምት የሚነገር አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነና ባል አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች መካከል ከመቶው 34ቱ ከባላቸው የአካል፥ የወሲብ ወይም የመንፈስ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች አስጠንቶ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2005 ባወጣው መግለጫ፥ በቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት ባለትዳር ሴቶች ከመቶው 71ዱ በዕድሜያቸው ውስጥ ከትዳር ጓደኛቸው የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ገልጸዋል፤ ይህም በጥናቱ ከተካተቱት ሥፍራዎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር።

ከቍጥሩ ይልቅ ያሳሰበን ግን ዝምታው ነው። በ2008ቱ ጥናት የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም አልተናገሩም። ርዳታ ከጠየቁትም ብዙዎቹ የሄዱት ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ ጎረቤትና ወደ ቤተ ዘመድ ነው። እንግዲህ የዚህ ጕዳይ የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት የጎረቤት ደጅ ነው ማለት ነው። ጎረቤቱ ደግሞ እኛው ነን፤ ይህን መጽሔት የምናነበው ሰዎች።

ያ ጎረቤት ለዚያች ሴት ምን ይላታል? እስከ ዛሬ ስንሰማው የኖርነው ምክር ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው «ቻዪው» የሚል ነው። «ትዳር እንዲህ ነው፤ ለልጆችሽ ስትዪ ቻዪው፤ የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም» ይባላል። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አብዛኛውን ጊዜ እነርሱም ችለው ያረጁ እናቶችና አክስቶች ናቸው። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ወጥ ማሳረር፥ ከባል ጋራ መከራከር፥ ሳይናገሩ ከቤት መውጣት፥ ልጆችን ቸል ማለት፥ መኝታ መከልከል ተብለው ከተዘረዘሩት አምስት ነገሮች ቢያንስ በአንዱ ባል ሚስቱን ቢመታ ይገባዋል ያሉ ሴቶች ከመቶው 63 ነበሩ፤ ወንዶቹ ግን 28 ብቻ። ስለዚህ «ቻዪው» የሚለው ድምፅ ለተመታችው ሴት ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከገዛ ልብዋም ይመጣል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክር «ውጪ» የሚል ነው። ይኸኛው በተማሩት ሰዎች ዘንድ ይሰማል። «ምን ይዞሽ ነው? ለምን ጥለሽው አትሄጂም?» ይሏታል። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወዴት እንደምትሄድ፥ በስንት ሰዓት፥ ልጆችዋን እንዴት አድርጋ፥ በማን ገንዘብ፥ አይነግራትም። ከዚህም በላይ የመውጫው ሰዓት ራሱ እጅግ አደገኛ ነው። ዣክሊን ካምቤል የተባሉ አሜሪካዊት የነርስነት ሞያ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው፥ በአሜሪካ 11 ከተሞች በባሎቻቸው ወይም በወዳጆቻቸው እጅ የተገደሉ ሴቶችን ጕዳይ መርምረው በፈረንጆች 2003 ጥናታቸውን አሳትመዋል። ሚስቱን በሁሉ ነገር ልቈጣጠር የሚል ሰው ሚስቱ ስትለየው ለግድያ የሚያሠጋ መሆኑን፥ በቤቱ የጦር መሣሪያ መኖሩና «እገድልሻለሁ» እያለ መዛቱም አደጋውን በብዙ እንደሚያከብደው አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ የተደረገ ምርመራ ደግሞ አንድ ጊዜ አንገት ያነቀ እጅ ኋላ ለመግደል የቀረበ መሆኑን አስረድቶአል። እንግዲህ ሳይዘጋጁ «ውጪ» ማለት፥ ጎርፉ ሳያልፍ ወንዙን ተሻገሪ እንደ ማለት ይሆናል።

ከነዚህ ከሁለቱ መካከል ሦስተኛ ምክር አለ። ይህም ምክር ከትእዛዝ ይልቅ ጥያቄ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን ባልና ሚስት ለማስታረቅ ሽማግሎች ሲቀመጡ፥ እኛም በዕድሜ ታናሽ ሆነን ከዳር ተቀምጠን ነበር። ባል ተገሠጸ፤ ሚስት ተመከረች፤ ጉልበት ተሳመ፤ ዕርቅም ወረደ። ሁሉም ነጠላውን አጣፍቶ ሊነሣ ሲል፥ እስከዚያ ድረስ እምብዛም ያልተናገሩ አንድ አዛውንት «አንድ ነገር ቀርቶናል» አሉ። «ይህች ልጅ ዛሬ ማታ የት ታድራለች?» ሰው ሁሉ ዝም አለ። ከዚያ አንደኛው «ታርቀዋል እኮ፥ አባቴ፤ ከቤትዋ ነዋ!» ብሎ መለሰ። አዛውንቱም «ዕርቁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰው የሚያድር ከቤት ውስጥ ነው እንጂ ከዕርቅ ውስጥ አይደለም። የሰውዬው ቍጣ በርዶ እንደ ሆነ በሳምንቱ እናየዋለን» አሉ። ያች ሴትም ያን ሳምንት ልጆችዋን ይዛ ከአንዲት ባልቴት ጎረቤትዋ ዘንድ ሰነበተች። እኒያ አዛውንት ትምህርት ቤት አልገቡም፤ የደኅንነት ዕቅድ የሚባል ነገርም አልሰሙም። ነገር ግን የዚህ ዕቅድ ሥሩ ያቺ ጥያቄ ናት።

በመሠረቱ ነገሩ ላገራችን እንግዳ አይደለም። ድሮ የከፋት ሚስት አኩርፋ ወደ ወላጆችዋ ቤት ትሄድ ነበር። ባልም ሽማግሌ ሳይልክ፥ ጥፋቱን ሳያምን፥ ዋስ ሳይጠራ በቀላሉ አይመልሳትም። በብዙው ያገራችን ክፍል ሚዜ ለሙሽራዪቱ እንደ ወንድም ይቈጠር ስለ ነበረ አቤት የምትልበት ሰው ነበራት። በኦሮሞ ዘንድ ደግሞ ያገባች ሴት ሲንቄ የምትባለዋን በትር ትይዛለች፤ በደል ሲደርስባት ጩኸት ታሰማለች፤ ጩኸቱን የሰሙ ሴቶች ሁሉ የያዙትን ሥራ ጥለው ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩ እስኪክስም ወደየቤታቸው አይመለሱም። የታወቀ ምልክት፥ ምልክቱን የሚያውቅ ጎረቤት፥ የሚሄዱበት ቤት፤ ሦስቱም ነበሩ።

ይህ ሁሉ ግን ለሁሉም ሴት አልደረሰም፤ ደርሶላት የነበረችውም ብዙ ጊዜ ያለ ፈቃድዋ ተመልሳለች። ዛሬ ደግሞ በከተማ የምትኖረው ሴት የወላጆችዋ ቤት የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ሚዜዎችዋም በየሥራቸው ተበትነዋል፤ በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥም ግድግዳ የሚዋሰን ሰው ስም ለስም አይተዋወቅም። ስለዚህ ቀድሞ ልማድ በጥቂቱ ያዘጋጅ የነበረውን ዛሬ ሰው በአሳብ ሊያዘጋጀው ግድ ሆኖአል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚለው ያገራችን ሰው ይህንኑ ሲያስተምር ነው።

እንግዲህ ዕቅዱ ምን ምን እንደሚይዝ በአጭሩ እናመልክት። መጀመሪያው ነገር ቤቱን ማወቅ ነው። የቤቱን ሰው ጠባይ ከእርስዋ ይልቅ የሚያውቅ የለም፤ ድምፁ ሲለወጥ፥ አገባቡ ሲከብድ፥ ምን እንደሚከተል አስቀድማ ታውቃለች። ያን ጊዜ ከማጀት መራቅ ይበጃታል፤ በማጀት ቢላዋ፥ ዘነዘና፥ የፈላ ውሃና እሳት አለና። መውጫ የሌለው ጓዳም ሆነ መታጠቢያ ቤት እንደዚሁ ወጥመድ ነው። ወደ በር የቀረበ ሥፍራ ላይ መሆን፥ የትኛው በር እንደሚከፈትና ቍልፉ የት እንደሚቀመጥ በጨለማም ቢሆን ማወቅ ያስፈልጋል። በቤቱ የጦር መሣሪያ ካለ፥ ወይም አንገት የማነቅ ነገር አንድ ጊዜ እንኳ ከሆነ፥ ወይም ሴቲቱ ነፍሰ ጡር ከሆነች፥ ነገሩ ከተራ ጠብ አልፎአልና ምክር የሚሰጣትም ሰው እንደ ተራ ጠብ ሊያየው አይገባም።

ሁለተኛው ምልክት ነው። ከአንዲት ከምታምናት ጎረቤት ጋራ አስቀድማ ቃል ትስማማለች። ለምሳሌ ያህል ልጅዋ መጥታ «እማዬ ወንፊት አውሺኝ ብላለች» ስትል፥ ለሌላው ሰው ተራ መልእክት የሆነው ቃል ለዚያች ጎረቤት «ሰው ጥሪ» ማለት ይሆናል። ጎረቤቲቱም ምን እንደምታደርግ ቀድማ ማወቅ አለባት። ብቻዋን ዘላ ብትገባ የተጐዱት ሁለት ይሆናሉ። ሰው ሰብስባ፥ ወደ ፖሊስም አስደውላ፥ «ቡና ፈልቶአል፥ ኑ» ብላ ብታንኳኳ ግን ያነሣው እጅ ሊወርድ ይችላል። ብዙ ጊዜ ዱላ የሚበረታው የሚያይ ሰው የለም ብሎ ነውና።

ሦስተኛው የልጆች ነገር ነው። ልጅ እናቱ ስትመታ ሲያይ መካከል መግባት ይቃጣዋል። ይህ የፍቅር ሥራ ቢሆንም ልጁን ይጐዳዋል። ስለዚህ አባትን መጥላት ሳያስተምሩት፥ ጩኸት በተነሣ ጊዜ ሥራው ማዳን ሳይሆን መውጣት መሆኑን፥ ታናሹን ይዞ ወደ እገሊት ቤት መሄድ እንዳለበት፥ የሆነውም ሁሉ የእርሱ ጥፋት አለመሆኑን መንገር ይገባል። በጣም ትንሽ ለሆነ ልጅ ግን ምሥጢር ሁሉ አይነገርም፤ ልጅ የሰማውን ለአባቱ ቢናገር የሚፈረድበት አይደለም።

አራተኛው የወረቀት ነገር ነው፤ ስለዚህም ከሌላው ይልቅ የምናውቀው እኛ ነን። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ጨርሰን ሥራ ከያዝንበት ጊዜ አንሥቶ የኖርነው በመዝገብ ቤት ነው። በመስኮታችን በኩል የሚመጣው ሕዝብ የሚጠይቀን ሁሉ ወረቀት ነው፤ ወረቀት የሌለው ሰው በመሥሪያ ቤት ፊት ድምፅ እንደሌለው ሰው ሆኖ ሲቆም በየቀኑ እናያለን። አንዲት ሴት ደምዋን ጠርጋ በሌሊት ልብስዋ ወጥታ በማግሥቱ ስትመጣ፥ «የጋብቻ ወረቀትሽ? መታወቂያሽ? የልጆቹ የልደት የምስክር ወረቀት?» ትባላለች። ሁሉም ከሸሸችው ቤት ከቍም ሣጥን ውስጥ ነው። ያን ለማምጣት ትመለሳለች፤ የምትመለሰውም ወደ አደጋው ነው።

በዚሁ መስኮት ሌላ ሴት መጥታ ነበር። መጀመሪያ ቀን የጋብቻ የምስክር ወረቀትዋን ግልባጭ ጠየቀች፤ ወሰደችም። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥታ የመጀመሪያ ልጅዋን የልደት ወረቀት ግልባጭ ወሰደች። ሌላ ጊዜ የሁለተኛውን። ሁልጊዜ የምትመጣው ዘንቢል አንጠልጥላ፥ ከገበያ መልስ፥ በአንድ ሰዓት ነው። ሦስተኛው ጊዜ ላይ «ሁሉንም ባንድ ቀን ብታወጪው ከድካም ይገላግልሽ ነበር» ብንላት፥ ዙሪያዋን አይታ «ባንድ ቀን ከሆነ ይታወቃል» አለችን፤ ቀጥላም ወረቀቱን ዘንቢሉ ውስጥ ከጐመኑ ሥር ከተተችው። ያን ጊዜ ሴቲቱ መንገድ እየሠራች መሆንዋ ገባን። ከዚያ በኋላ ስምዋን ከፍ አድርገን ሳንጠራ፥ ወረፋም ሳናስጠብቃት፥ ምን እንዳደረገች ለማንም ሳንናገር፥ የምትሻውን እየሰጠን ሸኘናት። አንድ ቀን ባልዋ ለሥራ ከከተማ በወጣበት ሰሞን፥ በጧት፥ ልጆችዋን ለትምህርት እንደምታደርስ ሆና ወጣች። በመዝገባችን ላይ ስለ እርስዋ የተጻፈው «ግልባጭ ወስዳለች» የሚል ቃል ብቻ ነው። ልጆችዋ ዛሬ በሌላ ከተማ ይማራሉ።

ስለዚህ መታወቂያ፥ የጋብቻና የልደት ወረቀት፥ የቤት ካርታ ወይም የኪራይ ውል፥ የባንክ ደብተር፥ የትምህርትና የሥራ ማስረጃ፥ የሐኪም ወረቀት፥ ከነዚህ ሁሉ ግልባጩ ከቤት ውጭ ከታመነ ሰው ዘንድ ይቀመጥ። ከዚሁ ጋራ አንድ ቅያሪ ልብስ፥ የሚዋጥ መድኃኒት ካለ እርሱ፥ የተቀረጸ ቍልፍ፥ ለመንገድ የምትበቃ ገንዘብ ይኑር። እናቶቻችን በመቀነታቸው ጫፍ ገንዘብ ይቋጥሩ የነበረው ለከንቱ አልነበረም። የስልክ ቍጥሮችን በስልክ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በቃል መያዝ ይሻላል፤ ስልክዋን የሚመረምር ባል ያላት ሴት ከማን ጋራ እንደ ተነጋገረች ከዚያው ይታወቅባታልና። ዕቅዱም ራሱ ከሚፈራው ሰው ጋራ በሚኖሩበት ቤት በወረቀት ተጽፎ ሊቀመጥ አይገባውም።

አምስተኛው የሐኪም ነገር ነው። የተመታች ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ብዙ ጊዜ «ከደረጃ ላይ ወደቅሁ» ትላለች። ሐኪሙም የነገረችውን በካርድዋ ላይ ይጽፋል። ከዓመት በኋላ ዳኛ ፊት ስትቀርብ ያ ወረቀት የሚመሰክረው ስለ ደረጃው እንጂ ስለ ዱላው አይሆንም። እውነቱን መናገር የሚያስፈራት ቢሆን እንኳ ለሐኪሙ ለብቻው ብትነግረው፥ ቍስሉም ከነቀኑ ቢመዘገብ፥ ለኋላ ይጠቅማታል። በአዲስ አበባ እንደ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ባለ ሥፍራ የሐኪም፥ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ሥራ ባንድ ቤት እንዲገናኝ የተደረገውም፥ የተጐዳችው ሴት ታሪክዋን በየደጁ እየደጋገመች እንዳትነግር ነው።

ስድስተኛው የመውጫው ቀንና ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። የምትወጣ ሴት «እሄዳለሁ» ብላ አትዛትም፤ በጠብ መካከልም አትወጣም። እርሱ በሌለበት ሰዓት፥ መድረሻዋን አውቃ፥ የሚጠብቃት ሰው ኖሮ ትወጣለች። ከወጣች በኋላም የለመደችው መንገድ፥ የለመደችው ገበያ፥ የምትሳለምበት ቤተ ክርስቲያን ወይም የምትሰግድበት መስጊድ ሁሉ ለሚፈልጋት ሰው የታወቀ ነው። ስለዚህ መንገድዋንና ሰዓትዋን ትለውጣለች፤ ለመሥሪያ ቤትዋ ዘበኛና ለልጆችዋ ትምህርት ቤት ማን እንደሚገባና ልጅ ማን እንደሚወስድ ታስታውቃለች። ዘመድ የሌላት እንደ ሆነም የሚያስጠልል ቤት አለ። በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያዎቹ የተጐዱ ሚስቶች መጠለያ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1971 በለንደን በቺዝዊክ ተከፍቶ ስሙ በዓለም ተሰምቶ ነበር። በኛም አገር የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ይህንኑ የመሰለ ቤት አቋቁሞ ብዙ ሴቶችንና ልጆችን ተቀብሎአል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሞያዎች ማኅበርም ለችግረኞች ያለ ክፍያ የሕግ ምክር ሲሰጥ ኖሮአል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባል የቤተ ሰቡ ራስ መሆኑንና ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባ ይናገር ነበር። በ1992 ዓ.ም. ለአዲስ አበባና ለድሬ ዳዋ የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ያን አስቀርቶ ባልና ሚስት በቤተ ሰቡ አስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ፤ ከክልሎችም ብዙዎቹ የየራሳቸውን የቤተ ሰብ ሕግ አውጥተዋል። በዚሁ በ1992ቱ ሕግ አንቀጽ 82 መሠረት፥ የፍቺ ጥያቄ የቀረበለት ፍርድ ቤት ፍቺው እስኪወሰን ድረስ ስለ ቀለብ፥ ስለ ልጆችና ስለ ንብረት ትእዛዝ ይሰጣል፤ ከሁለቱ አንደኛው ከጋራ መኖሪያው መውጣት ያለበት ቢሆን፥ የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይልቅ የሚጐዳው ማን እንደ ሆነ አይቶ ይወስናል። እንግዲህ ሁልጊዜ ቤቱን የምትለቀው ሴቲቱ ናት የሚለው ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት ወንጀል መሆኑን በስም ጠርቶ አስታወቀ። ነገር ግን ይኸው ሕግ በአንቀጽ 620 ስለ አስገድዶ መድፈር ሲናገር «ከጋብቻ ውጭ» የሚል ቃል ስለ ጨመረ፥ በትዳር ውስጥ ላለችው ሴት በዚያ በኩል ጋሻ አልሆነላትም። የሕግም ጋሻ ባለበት ቢሆን የሚደርሰው በቀን፥ በመሥሪያ ቤት ሰዓት ነው፤ ዱላው ግን ብዙውን ጊዜ በሌሊት ይመጣል። በሌሊቱና በቀኑ መካከል ያለውን ሰዓት የሚያሻግራት ዕቅድዋ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር እንዲታወቅልን እንሻለን። አንደኛ፥ ዕቅድ አደጋን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋም፤ ስለዚህ ዕቅድ ኖሮአት የተጐዳች ሴት «አልተጠነቀቀችም» አትባልም። የተመታችው መውጫ በር ስላላወቀች ሳይሆን የሚመታ እጅ ስላለ ነው። ሁለተኛ፥ ዕቅዱ የእርስዋ ነው። እርስዋ ገና አልወጣም ስትል «እንግዲያማ ተዪን» ብሎ ፊት ማዞር፥ «ቻዪው» ከሚለው ምክር አይሻልም። ወጥታ ብትመለስም ደጃችንን መዝጋት አይገባም፤ አንዲት ሴት ከዚህ መከራ ለመላቀቅ ብዙ ጊዜ ወጥታ ብዙ ጊዜ ትመለሳለችና። ሦስተኛ፥ ምሥጢርዋን የሰማ ሰው ለቅርብ ወዳጁም ቢሆን መናገር የለበትም። በኛ አገር «ለአንተ ብቻ ነው የነገርኩህ» የተባለ ነገር ሳምንት ሳይሞላው የዕድር ወሬ ሲሆን እናያለን። በሌላ ነገር ይህ ሐሜት ይባላል፤ በዚህ ነገር ግን ነፍስ ያጠፋል።

እንግዲህ በየቦታችን የምንሠራው ሥራ አለ። የመሥሪያ ቤት ሹም የሆንህ እንደ ሆነ፥ ከሠራተኞችህ አንዲትዋ ደመወዝዋ በሌላ ሰው እጅ እንዳይሰጥ፥ የፈረቃዋ ሰዓት እንዲለወጥላት፥ ወይም ለጥቂት ቀን ፈቃድ እንድታገኝ ስትለምንህ፥ ምክንያቱን በሰው ፊት አታስተንትናት። በመስኮት ተቀምጠህ ሕዝብ የምታስተናግድ እንደ ሆነም፥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምትናገረውን ሴት አንተም ድምፅህን ዝቅ አድርገህ መልስላት። መምህር ከሆንህ፥ ሰኞ ጧት ዐይኑ እንቅልፍ ያጣ፥ ደወል ሲደወል ወደ ቤት ለመሄድ የሚፈራ ልጅ በክፍልህ አለ፤ ያን ልጅ ሰነፍ ከማለትህ በፊት ማታ የት እንዳደረ አስብ። ተማሪ ከሆንሽ ወይም ከሆንህ፥ ነገ ጎጆ ወጪ ነህና፥ የምታፈቅረውን ሰው ስልክ መመርመርና የት እንደ ዋለ መቈጣጠር ፍቅር ሳይሆን የዱላ መንገድ ጠራጊ መሆኑን ከዛሬው ዕወቅ።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንዲሉ፥ ሕግ የሚያወጡት ሕጉን ያሻሽሉ፤ መጠለያ የሚሠሩትም ይጨምሩ። እኛ ግን እስከዚያው ድረስ በግድግዳው ማዶ ነን፤ ድምፁም የሚሰማው ለኛ ነው። በሰፈራችን አንዲት ሴት ሌሊት በሩን ከፍታ ብትወጣ የምታንኳኳው የማንን ደጅ እንደ ሆነ ዛሬ ታውቃለችን? የምታውቅ ካልሆነች ነገ ጧት ለቡና ጠርተን እናስታውቃት። ነገሩን ያለ ጊዜው አናንሣባት፤ «ሌሊትም ቢሆን የኛ በር ይከፈታል» ማለት ብቻ ይበቃል። ቃሉንም ከሰጠን በሌሊት ሲንኳኳ ለመነሣት ዝግጁ ሆነን እንተኛ።